ዋይፋዩ ማድ ቤት እንዲደርስ፦ ሁለተኛ ራውተር ከቤት ኔትዎርክ ጋር ማገናኘት

ቤታችን ደሴ ነው፤ ከጦሳ ሥር፣ ተዳፋቱ ላይ። ዋናው ቤት ከላይ፣ ማድ ቤቱና ሰርቪሱ ከታች። መሃል ላይ የድንጋይ ደረጃና አንድ ትልቅ ሮቶ አለ። ራውተሩ ሳሎን ውስጥ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ተቀምጧል። ፋይበሩ ሲገባ እዚያ አስቀመጡት፣ እዚያው ቀረ። ሳሎን ውስጥ ኢንተርኔቱ ይሮጣል። ማድ ቤት ስንወርድ ግን አንዲት መስመር ብቻ ትቀራለች። እሷም መጣሁ ሄድኩ ስትል ትውላለች።

ችግሩ እህቴ ሪያድ መሆኗ ነው። ከእማዬ ጋር በኢሞ የሚያወሩት ደግሞ እማዬ ማድ ቤት ቡና ስትቆላ ነው። ወሬው ሲጥም መስመሩ ይቆረጣል። አንድ ቀን ስልኩን ይዛ ወጣችና «ልጄ፣ ይሄ ያንተ ኢንተርኔት ወንድ ልጅ ማድ ቤት አይገባም ብለውታል እንዴ?» አለችኝ።

ሁለተኛ ራውተር ገጠምኩላት። አሁን ይሠራል። መጀመሪያ የገጠምኩ ዕለት ግን ማድ ቤቱን ላገናኝ ብዬ የሳሎኑንም አጠፋሁት። ታናሽ ወንድሜ ፎርም እየሞላ ነበር፤ ያለኝን እዚህ አልጽፈውም። የዚያን ዕለት የተሳሳትኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከሱ እንጀምር።

ቤታችሁ ያለው ራውተር እንደ ቀበሌ ነው። ስልክ፣ ላፕቶፕ ወይም ቴሌቪዥን ሲመጣ የቤት ቁጥር ይሰጠዋል። ቁጥሩ አይፒ አድራሻ ይባላል። ቁጥር የማደሉ ሥራ ደግሞ ዲኤችሲፒ ይባላል። አዲሱ ራውተር ከካርቶኑ ሲወጣ እሱም ራሱን ቀበሌ አድርጎ ነው የሚነሳው። ሁለቱን ዝም ብላችሁ በኬብል ካገናኛችኋቸው በአንድ ሰፈር ሁለት ቀበሌ ቁጥር ማደል ይጀምራል። ከነባሩ የወሰደ ስልክ ይሠራል። ከአዲሱ የወሰደው ግን የውጭው በር የቱ እንደሆነ በስህተት ይነገረዋል። ዋይፋዩ ሙሉ መስመር ያሳያል፣ ኢንተርኔት ግን የለም። ከዚህ በታች የምትሠሩት ሁሉ ዞሮ ዞሮ አዲሱን ራውተር ከቀበሌነት ሽሮ ተላላኪ ማድረግ ነው።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት

መጀመሪያ ያለውን ራውተር ቦታ ለውጡት። የምሬን ነው። የሞባይል ዳታ አጥፍታችሁ ስልኩን ይዛችሁ ግቢውን ዙሩ። የት እንደሚጠፋ እዩ። ከቴሌቪዥን ጀርባ፣ ከፍሪጅ ጎን፣ ከቁም ሳጥን ውስጥ አውጡት። ከፍ ያለ ቦታ ላይ አድርጉት። አንዳንዴ ሁለት ሜትር ማንቀሳቀስ ብቻውን ይበቃል።

አምስት ጊጋኸርዝ የሚባለው የዋይፋይ ዓይነት ፈጣን ነው፣ ግን ግድግዳ አይወድም። 2.4 ጊጋኸርዝ ቀርፋፋ ቢሆንም ግድግዳ ይሻገራል። ስልካችሁ ሁለት ስም ካሳያችሁ ራቅ ያለው ክፍል ውስጥ 2.4 የሆነውን ሞክሩት።

የደሴ ቤት ግን ልፋት አለበት። ለብርዱ ተብሎ የድንጋይ ግድግዳው ወፍራም ነው። ቆርቆሮ ሲግናሉን ገጭቶ ይመልሰዋል፤ ግድግዳውም በቆርቆሮ የተመታ ከሆነ ተስፋ ቁረጡ። ውሃ ደግሞ ሲግናሉን ይጠጣዋል። የኛ ሮቶ ሳሎኑና ማድ ቤቱ መሃል ቆሞ እንደ ዘበኛ ነበር የሚመልሰው። ሮቶውን ማንቀሳቀስ አይታሰብም። የውሃ ተራችን መቼ እንደሚደርስ ስለማይታወቅ ከኢንተርኔቱ ይልቅ እሱ ነው ቤት ውስጥ የሚከበረው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። መስመራችሁ ፋይበር ከሆነ ራውተሩን ስታንቀሳቅሱ ቀጭኑን ገመድ አትጎትቱት፣ አትቆልምሙት። ውስጡ መስታወት ነው። ከተሰበረ በቤት ውስጥ አይጠገንም።

ሪፒተር ወይስ ኬብል?

ፒያሳ ወርዳችሁ ብትጠይቁ መጀመሪያ የሚያሳዩዋችሁ ሪፒተር ነው። ሶኬት ላይ የምትሰካ ትንሽ ዕቃ። ኬብል አትፈልግም፤ ጥሩነቷ እሱ ነው። ግን ሰምታ ነው የምትደግመው። ርካሾቹ በአንዱ ሬዲዮ ተራ በተራ ስለሚሰሙና ስለሚናገሩ ፍጥነቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ሌላም አለ። ሰው ሁሉ ሪፒተሩን የሚሰካው ሲግናል የጠፋበት ክፍል ውስጥ ነው። እሷስ ምን ሰምታ ትድገም? መሰካት ያለባት መንገድ ላይ፣ ገና ሲግናሉ ደህና ሆኖ ሳለ ነው። እኛ ግቢ እዚያ ቦታ ላይ ያለው ሮቶው ነው።

ስለዚህ ኬብል። ድካሙ አንድ ቀን ነው። ኬብል ግድግዳ አይፈራም፣ ቆርቆሮ አይፈራም። በደንብ ከተሠራ እስከ 100 ሜትር ድረስ ያለ ችግር ይሄዳል። እስከ 100 ሜትር የሚደርስ ግቢ ያለው ሰው ደግሞ ይህን ጽሑፍ አያነብም፤ ሰው ቀጥሮ ያሠራል።

ምን ያስፈልጋል?

ራውተር፣ ኬብልና ለአንድ ሰዓት የሚሆን ትዕግሥት። ራውተሩ አዲስ መሆን የለበትም። ከስልክ ሽቦ ወደ ፋይበር የቀየረ ቤት መሳቢያ ውስጥ አንድ የድሮ ኤዲኤስኤል ራውተር አይጠፋም። እሱም ያገለግላል። የስልክ ሽቦ የሚሰካበትን ቀዳዳ ባዶውን ትታችሁ በአራቱ የኬብል ፖርቶች ትጠቀማላችሁ። አሮጌ ከሆነ ፍጥነቱ ዝቅ ይላል፣ ለኢሞ ግን ከበቂ በላይ ነው።

ያገለገለ ከገዛችሁ ቻርጀሩን እዩ። ራውተሩ ጀርባ ላይ 9 ቮልት ወይም 12 ቮልት ተብሎ ተጽፏል። ቻርጀሩም ያንኑ ማለት አለበት። አምፒሩ ከተጻፈው ቢበልጥ ችግር የለውም፣ ከተጻፈው ካነሰ ግን ራውተሩ እየጠፋ ይነሳል። እኔ ከአንድ ሱቅ ያገለገለ ስገዛ የ12 ቮልት ራውተር በ9 ቮልት ቻርጀር ሰጡኝ። መብራቱ ይበራል። ዋይፋዩ ግን አምስት ደቂቃ ሠርቶ ይተኛል። ራውተሩን ስረግም ሁለት ቀን አለፈ፤ ንጹሕ ነበር።

ወደ ሥራው

ደረጃ 1። የዋናውን ራውተር አድራሻ እወቁ። ስልካችሁን ከነባሩ ዋይፋይ ጋር አገናኙ። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ የዋይፋዩን ስም ንኩና ዝርዝሩን ክፈቱ። ጌትዌይ የሚል ታገኛላችሁ። ከፊቱ ያለው ቁጥር ነው የቀበሌው አድራሻ። የኛ 192.168.100.1 ነው። የናንተ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ሊሆን ይችላል። ወረቀት ላይ ጻፉት።

ዋናው ራውተር ላይ የምትሠሩት ይኼው ነው፤ ማየት ብቻ። የሪሴት ቀዳዳውን በፍጹም እንዳትነኩት። ውስጡ የመስመሩ መለያና ፓስወርድ አለ። ከጠፋ ኢንተርኔቱ አይመለስም፤ ባለሙያ እስኪመጣ ትጠብቃላችሁ።

ደረጃ 2። አዲሱን ራውተር ብቻውን አስነሱት። ከዋናው ጋር ገና አታገናኙት። የኔ ጥፋት እዚህ ጋ ነበር፤ ቸኩዬ ኬብሉን መጀመሪያ ሰካሁ። ያገለገለ ከሆነ በርቶ እያለ ሪሴቱን በመርፌ ወይም በስፒል 10 ሰከንድ ያህል ተጫኑት። መብራቶቹ ጠፍተው ሲበሩ የድሮ ባለቤቱን ረስቷል ማለት ነው።

ላፕቶፕ ካላችሁ በአጭር ኬብል ከላን ፖርቱ፣ ማለትም ላን (LAN) ከተጻፈባቸው የኬብል ቀዳዳዎች ከአንዱ ጋር አገናኙት። ይሄ ነው የሚሻለው። ከሌላችሁ በስልክ ይቻላል። ራውተሩ ሆድ ላይ የተለጠፈውን ስምና ፓስወርድ አይታችሁ ወደ ዋይፋዩ ግቡ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ስልኩ «ይሄ ዋይፋይ ኢንተርኔት የለውም» ብሎ በጓሮ በር ወደ ሞባይል ዳታ ይሄዳል። እናንተ የራውተሩን ገጽ ስትፈልጉ ገጹ አልከፈት ይላል። ዳታውን አጥፉ። ስልኩ ልቆይ ወይስ ልውጣ ብሎ ከጠየቀ ቆይ በሉት።

ከዚያ ብሮውዘር ከፍታችሁ ሆዱ ላይ የተጻፈውን አድራሻ አስገቡ። ቴንዳና ቲፒ-ሊንክ ላይ ብዙ ጊዜ 192.168.0.1 ነው። ጉግል ላይ አትፈልጉት፤ ላይኛው የአድራሻ መስመር ላይ ቁጥሩን ብቻ ጻፉ።

ገጹ ሲከፈት መጀመሪያ አንድ ነገር ፈልጉ። ኦፕሬሽን ሞድ ወይም ወርኪንግ ሞድ የሚል ክፍል ካለውና ውስጡ አክሰስ ፖይንት የሚል ምርጫ ካገኛችሁ እሰየው። እሱን ምረጡ። ራውተሩ ራሱን በራሱ ይሽራል። የዋይፋይ ስምና ፓስወርዱን ካስተካከላችሁ በኋላ ደረጃ 5ንና 6ን ዘላችሁ ኬብሉን መሰካት ትችላላችሁ። ከሌለው በእጅ እንሽረዋለን።

ደረጃ 3። ዋይፋዩን አስተካክሉ። ዋየርለስ የሚለው ውስጥ ግቡ። ስሙንና ፓስወርዱን ልክ እንደ ዋናው አድርጉት። አንድ ፊደል ወይም ክፍት ቦታ እንዳይለያይ። ጥበቃውንም ደብሊውፒኤ2 (WPA2) የሚለው ላይ አድርጉት፤ ዋናው ላይ ያለውም እሱ መሆኑን እዩ። እንዲህ ከሆነ ስልካችሁ ከሳሎን ወደ ማድ ቤት ስትወርዱ ሳይጠይቃችሁ ይሻገራል።

ለየት ማለት ያለበት ቻናሉ፣ ማለትም ሬዲዮው የሚያወራበት መንገድ ነው። 2.4 ላይ የማይነካኩት ሦስት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ናቸው። ዋናው 1 ላይ ከሆነ አዲሱን 6 ወይም 11 ላይ አድርጉት። ሁለቱም አንድ ቻናል ላይ ከሆኑ እንደ ሁለት የተጣሉ ጎረቤታሞች አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም ብሎ ይጠብቃል። የቻናሉን ስፋት 20 ሜጋኸርዝ ላይ ተዉት። ደብሊውፒኤስ (WPS) የሚባል ያለ ፓስወርድ የሚያገናኝ ቁልፍ ካለ አጥፉት፤ ለቤት ሰው ጥቅሙ ትንሽ ነው፣ ለሰርጎ ገብ ግን በር ነው።

ደረጃ 4። የራውተሩን የራሱን ፓስወርድ ቀይሩ። የዋይፋዩን ማለቴ አይደለም፤ ወደዚህ ገጽ መግቢያውን ነው። አድሚን ተብሎ ከቀረ የሰፈር ልጅ ሁሉ ያውቀዋል።

ደረጃ 5። አድራሻውን ቀይሩ። ላን ወይም ኔትዎርክ የሚለው ውስጥ የራውተሩ አይፒ አለ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቁጥሮች ከዋናው ጋር አንድ ይሁኑ፣ የመጨረሻው ይለይ። የኛ ዋናው 192.168.100.1 ስለሆነ ለአዲሱ 192.168.100.253 ሰጠሁት። የናንተ 192.168.1.1 ከሆነ 192.168.1.253 በሉት። ሰብኔት ማስክ የሚለውን 255.255.255.0 ላይ ተዉት።

ለምን ትልቅ ቁጥር? ዋናው ራውተር ለስልኮች ብዙ ጊዜ ከታች ጀምሮ ነው የሚያድለው። ጫፍ ላይ ያለውን ቁጥር ለሌላ የመስጠቱ ዕድል ትንሽ ነው። ጠንቃቃ ከሆናችሁና የዋናውን ገጽ መክፈቻ ካላችሁ የሚያድለውን 200 ላይ እንዲያቆም ማድረግ ትችላላችሁ። እኔ አላደረግኩትም። እስካሁን አልተጋጨም።

ሴቭ ስትሉ ገጹ ይጠፋል። አትደንግጡ፤ ቤቱ ቁጥር ቀይሯል። ዋይፋዩን አጥፍታችሁ እንደገና አብሩና በአዲሱ ቁጥር ግቡ።

ደረጃ 6። ሹመቱን አንሱ። ዲኤችሲፒ ሰርቨር የሚለውን ፈልጉና ዲሴብል (አጥፋ) በሉት። ሴቭ። ራውተሩ ተነስቶ ይመጣል። አሁን ስልካችሁን ከሱ ጋር ለማገናኘት ብትሞክሩ አድራሻ በማግኘት ላይ ይልና እንደዞረ ይቀራል። ተበላሸ ብላችሁ ሪሴት እንዳትጫኑት! ቁጥር የሚሰጥ ስለሌለ ነው። በትክክል እንደሠራችሁ ምልክቱ ይሄ ነው። እኔ ሁለተኛውን ሙከራ ያበላሸሁት እዚህ ላይ ነው፤ ከደረጃ 2 እንደገና ጀመርኩ።

ደረጃ 7። አሁን ኬብሉ። አንዱን ጫፍ ከዋናው ራውተር ላን ፖርት፣ ሌላውን ከአዲሱ ላን ፖርት። ላን ከላን። ዋን የሚለው፣ ብዙ ጊዜ ቀለሙ ለየት ያለው ቀዳዳ ባዶ ይቅር። የሁለቱም መብራት መብረቅረቅ አለበት።

ደረጃ 8። ማድ ቤት ግቡና አረጋግጡ። የስልኩን ዋይፋይ አጥፍታችሁ አብሩ። ጌትዌዩን ዳግም እዩ። የዋናውን ቁጥር ካያችሁ አለቀ። ብሮውዘር ላይ የአዲሱን ቁጥር ብታስገቡም የአዲሱ ገጽ ይከፈታል። እኛ ግን በቁጥር አልፈተንነውም። እህቴ ደወለች። አቦሉ ሳይቀዳ ጀምረው በረካው ሲወርድ እያወሩ ነበር።

የኬብሉ ነገር

ከራውተሩ ይልቅ ጊዜ የሚበላው ኬብሉ ነው። የሚበላሸውም እሱ ነው።

ሲገዙ ካት 5ኢ ወይም ካት 6 በሉ። ርካሹ ውስጡ አሉሚኒየም ሆኖ ላዩ መዳብ የተቀባ ነው። ይሰበራል፣ ርቀት ላይም ይደክማል። መለየቱ ቀላል ነው። አንዷን ቀጭን ሽቦ በምላጭ ፋቅ አድርጉ። ቀይ ሆና ከቀጠለች መዳብ ናት። ነጭ ካወጣች መልሱለት። ባለሱቁ ሊከፋው ይችላል፤ ይክፋው።

በግቢ ውስጥ የሚያልፍ ከሆነ የውጭ ኬብል ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ጥቁር ነው። የቤት ውስጡን ግራጫ ፀሐይ በአንድ ሁለት ዓመት ታደርቀውና ልባሱ ይሰነጠቃል። ከዚያ ክረምት ይገባል። ካልተገኘ ግራጫውን በኤሌክትሪክ ቱቦ ውስጥ አሳልፉት። ቱቦው ለአይጥም ይበጃል።

ከመብራት ሽቦ ጋር አብራችሁ በአንድ ቱቦ አታሳልፉት። ቢያንስ አንድ ስንዝር ይራቅ። መሻገር ግድ ከሆነ መስቀለኛ አድርጋችሁ አሻግሩት። ግድግዳ ሲገባ ደግሞ ቀዳዳውን ከውጭ ወደ ውስጥ ሽቅብ ብሱት፣ ከመግቢያው በታችም ኬብሉን ትንሽ አንጠልጥሉት። የሐምሌ ዝናብ ኬብሉን ተከትሎ ሲወርድ እዚያ ጋ ይንጠባጠባል፤ አለዚያ ቀጥ ብሎ ራውተሩ ላይ ነው የሚወርደው።

ጫፉን አስቀድማችሁ አታስሩ። የፕላስቲክ ኮኔክተሩ የታሰረበት ኬብል ትልቅ ቀዳዳ ይፈልጋል። ባዶውን አሳልፋችሁ ኋላ እሰሩ። መቆንጠጫ ፕላየርና የኬብል ቴስተር ከጎረቤት ኤሌክትሪሻን መዋስ ይቻላል። ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው፤ የኮኔክተሩን ምላስ ወደ ታች፣ ኬብሉን ወደ እናንተ አድርጋችሁ ከግራ ወደ ቀኝ፦ ነጭ ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። በሁለቱም ጫፍ ያው። ሰማያዊውን ከነጭ አረንጓዴ ቀጥሎ ማስገባቱ ነው ሰው የሚስተው። ጥንዶቹን ከአንድ ሳንቲ ሜትር ብዙ አትፍቱ። የውጭ ልባሱም ኮኔክተሩ ውስጥ ገብቶ መያዝ አለበት፤ አለዚያ አንድ ቀን ሰው ኬብሉን ሲረግጠው ሽቦዎቹ ተነቅለው ይወጣሉ።

ከስምንቱ አራቱ ብቻ ቢገናኙም፣ ትክክለኞቹ አራቱ ከሆኑ፣ መስመሩ በ100 ሜጋቢት ይሠራል። ለዚህ ነው በደንብ ያልታሰረ ኬብል ዝም ብሎ ሊሠራ የሚችለው። ጊጋቢት ከፈለጋችሁ ስምንቱም ይገናኙ።

መብረቅ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ክረምት ላይ ጦሳ ላይ የሚጮኸውን ታውቁታላችሁ። በሁለት ቤት መካከል አየር ላይ የተዘረጋ የመዳብ ኬብል ቅርብ የወረደ መብረቅ ሲያልፍበት ሁለቱንም ራውተር ይዞ ሊሄድ ይችላል። በመሬት ወይም በግድግዳ ጥግ አሳልፉት እንጂ በቆርቆሮው ጫፍ አትዘርጉት። ነጎድጓድ ሲጀምር ኬብሉንም ቻርጀሩንም ንቀሉ። ቻርጀሩን ብቻ መንቀል አይበቃም።

ጎረቤታችን ሐጂ የኛን አይተው የነሱን ላሠራ ብለው መጡ። ራውተሩን ጣሪያው ሥር፣ ቆርቆሮው አጠገብ ሊሰቅሉት ነበር። «ሐጂ፣ እዚያ አይስቀሉት፤ ቀን በሙቀት ይታፈናል፣ ሲግናሉም ከቆርቆሮው እየተጋጨ ይመለሳል» አልኳቸው። «አብሽር የኔ ልጅ፣ ደሴ ደግሞ ምን ሙቀት አላት» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ብርድ ነው የሚያስቸግረን። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁል ወርዶ ኮምቦልቻ ያለ ዘመዴ ግን እንደዚያ ሰቅሎት ከቀትር በኋላ እየጠፋ አስቸግሮታል። ሐጂ በመጨረሻ መደርደሪያ ላይ አስቀመጡት።

ሰርቪሱ ላይ ተከራይ ካለ

ተከራይ ለብቻው ስምና ፓስወርድ እንዲኖረው የሚፈልግ ሰው ብዙ ነው። ያን ጊዜ አዲሱን ራውተር አትሽሩት። ዲኤችሲፒውን አብርታችሁ ተዉትና ኬብሉን ከዋናው ላን ወደ አዲሱ ዋን ሰኩት። የዋን ዓይነቱን ዳይናሚክ አይፒ በሉ። አዲሱ የራሱን ሰፈር ያስተዳድራል። ሦስተኛው ቁጥር ግን ከዋናው መለየት አለበት፤ ዋናው 192.168.1 ከሆነ አዲሱ 192.168.5 ይሁን። ተመሳሳይ ከሆነ አይሠራም።

ይህን ስታደርጉ ሰው የማይነግራችሁ ነገር አለ። አጥሩ አንድ ጎን ብቻ ነው። ከዋናው ያላችሁት እናንተ ወደ ተከራዩ ዕቃ መግባት አትችሉም። እሱ ግን በናንተ መንገድ ነውና የሚወጣው፣ የናንተን ካሜራ ወይም ፕሪንተር መፈለግ ይችላል። ስለዚህ ዋናው ራውተር ጌስት ዋይፋይ የሚል ካለው ለተከራዩ እሱ ይሻላል፤ ብዙዎቹ ጌስቱን ከቤቱ ዕቃ ይለያሉ። ከሌለው የዋናውን ራውተርና የካሜራውን ፓስወርድ ጠንከር አድርጉ።

እንቢ ሲል

መስመር ሙሉ ሆኖ ኢንተርኔት ከሌለ ዲኤችሲፒው አልጠፋም ማለት ነው፤ ወይም ኬብሉ ዋን ላይ ነው። ሌላ ምክንያት ከመፈለጋችሁ በፊት እነዚህን እዩ።

የፖርቱ መብራት ጭራሽ ካልበራ ኬብሉ ነው። በአጭር የተገዛ ኬብል ሞክሩት። በአጭሩ ከበራ አሳሰራችሁን ፈትሹ።

የአዲሱ ገጽ አልከፈት ካለ ቁጥሩን ተሳስታችሁ ይሆናል። ላፕቶፑ ቁጥር የሚሰጠው ስለሌለ ደግሞ ከአዲሱ ጋር ለብቻው ስታገናኙት ዝም ይላል። ኬብሉ ከዋናው ጋር እንደተሰካ ሞክሩት፤ ቁጥሩን ዋናው ይሰጠዋል።

ማድ ቤት ቆማችሁ ስልኩ የሳሎኑን ደካማ ሲግናል አልለቅ ካለ የራውተሩ ጥፋት አይደለም። መቼ እንደሚሻገር የሚወስነው ስልኩ ነው፣ አንዳንዱም ግትር ነው። ዋይፋዩን አጥፍቶ ማብራት ይበቃል። የእማዬ ስልክ እንደዚያ ነው። አሁን ማድ ቤት ስትገባ ራሷ አጥፍታ ታበራዋለች።

መብራት ሲጠፋ ሁለቱም ይሞታሉ። ለራውተር የሚሆን ትንሽ የ12 ቮልት ዩፒኤስ (መጠባበቂያ ባትሪ) ብትገዙ ለዋናው ስጡት። ተላላኪው ብቻውን ቢበራ የሚልከው የለውም።

በመጨረሻም የአዲሱን ራውተር ቁጥር በፕላስተር ላይ ጽፋችሁ ጀርባው ላይ ለጥፉት። ከስድስት ወር በኋላ አታስታውሱትም። የኛው ላይ 192.168.100.253 ተብሎ ተለጥፏል። እማዬ የስልክ ቁጥር መስሏት አንድ ቀን ደውላበታለች።